ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለቀው ዓረፍተ ነገር

የምሥራች። «ምሥር ብይ» በሉኝና ልቀጥል፤ ዓረፍተ ነገሩ አለቀ። ሙሉው፣ ከነአራት ነጥቡ። በር ሳይዘጋበት፣ ደወል ሳያቋርጠው፣ ሰው «በል ደህና ዋል» ብሎ ጀርባውን ሳይሰጠው አለቀ።

የማን ዓረፍተ ነገር ነው ትሉኝ ይሆናል። የጋሽ ሽቅብ ነው። ጋሽ ሽቅብ የአሮጌው ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ አሳንሰር ነጂ ነው፤ ጥግ ላይ ከግድግዳ በምትታጠፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ጸጉሩ ሸብቶ ራሱ የተመለጠ። ቅጽል ስሙን ያወጡለት የሕንፃው ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን «ቁልቁልም እኮ እወርዳለሁ» ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር፤ ሦስተኛ ፎቅ ስለደረሱ ክርክሩ እዚያው ቀረ። ስሙም እንደዚያው ጸደቀበት።

አሳንሰሩ እንደ አዲሶቹ ቁልፍ ተጭነው የሚሄዱበት አይደለም። ተጣጣፊ የብረት በር አለው፣ የነሐስ እጀታ አለው። እጀታውን ወደ ቀኝ ቢገፉት ይወጣል፣ ወደ ግራ ቢገፉት ይወርዳል፣ መሃል ላይ ቢመልሱት ይቆማል። ማስነሳቱን ሕፃን ልጅም አያቅተውም። ሥራው ያለው ማቆሙ ላይ ነው። እጅ ትንሽ ከዘገየ ወለሉን አልፎ ይቆማል፤ ትንሽ ከቸኮለ ከወለሉ በታች ይቀራል፤ ወጪው ይደናቀፋል። ጋሽ ሽቅብ ወለል ከወለል ሲያጋጥም ግን የጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌት ነው፤ መጋጠሚያው አይታይም። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ሙሉ ትሪ ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች፤ አንድ ብርጭቆ ሌላውን አይነካም። ለዚህ ያመሰገነው ሰው የለም። ምን ብሎ ያመስግነው? በደንብ የቆመ አሳንሰር መቆሙም አይታወቅ።

ቀኑን ሙሉ ሰው መሃል ነው የሚውለው፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ። ሆኖም ከአፉ የሚወጣው «ስንተኛ?» እና «ደረስን» ብቻ ነው። የሰው ወሬ ደግሞ መነሻውን እንጂ መድረሻውን ሰምቶ አያውቅም። «ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው…» ያለችው ሴትዮ አራተኛ ላይ ወረደች፤ ሐኪሙ ምን እንዳላት ይኸው እስከ ዛሬ ያስባል። «በሩ ሲንኳኳ ማን ወጥቶ ከፈተለት መሰለህ…» ያለውም ሰው ሁለተኛ ላይ ወረደ። ማን እንደከፈተለት አንድዬ ይወቅ።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም። ማታ የቀኑን ያላለቁ ወሬዎች ሰብስቦ ይገባና ይደረድርላታል፤ እሷ ሽንኩርቷን እየላጠች መጨረሻ ታበጅላቸዋለች። «ሐኪሙማ ‹በሽታሽ ባልሽ ነው› ብሏታል፤ ሌላ ምን ይላታል?» ትላለች። ይስቃሉ። ከሞተች ወዲህ ወሬዎቹ መጨረሻ አጥተው በሆዱ ተከማቹ። ልጁ ሌላ ከተማ ነው። ይደውላል፣ አይደውልም አይባልም። «አባዬ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ።» «በል እሺ።» ይህችም ወሬ በስልክ ሆና ነው እንጂ ርዝመቷ ከምድር ቤት እስከ አንደኛ ፎቅ ነች።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው መጽሐፉ የተገኘው። ስድስተኛ ፎቅ ያለው የጥርስ ሕክምና ሰው በብዛት የሚያስተናግድበት ቀን ነበር። ግርግሩ ጋብ ሲል ጋሽ ሽቅብ ዞር ቢል፣ አሳንሰሩ ጥግ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ተጋድሟል። ሽፋኑ ላይ ክንፏን የዘረጋች ዘንዶ አለች፤ አንገቷ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ወስዶ ለዘበኛው ሰጠው። የጠፋ ዕቃ የሚጠበቀው በዘበኛው መሳቢያ ነው።

ዘበኛው ሽፋኑን አገላብጦ አየ። «ድሮ ላም አለኝ በሰማይ ነበር የምንለው፤ አሁን ዘንዶ አለኝ በሰማይ መጣ?» አለ።

«የልጆች ይሆናል» አለ ጋሽ ሽቅብ።

«የልጆች ከሆነ ለምን ይሄን ያህል ወፈረ? ልጅ ይሄን ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ሲጎለምስ ነው።»

መጽሐፉ መሳቢያ ውስጥ ሰነበተ፤ ፈላጊ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ዘበኛው መሳቢያው ለምሳ ዕቃው ጠበበውና «ውሰደው ባክህ፣ ቢያንስ ትራስ ይሆንሃል» ብሎ መለሰለት።

ጋሽ ሽቅብ መጀመሪያ የከፈተው ባለቤቱ ስሙን ጽፎበት እንደሆነ ለማየት ነው። ስም የለም። አንዱን ገጽ ገለጠ፤ ከዚያ ሌላውን። ታሪኩ የአንዲት ጨው ቆፋሪ ልጅ ነው። አገሩን ባሕር ሲውጠው፣ እሳቷ የጠፋባት ዘንዶ አግኝታ ትለምናታለች፤ ዘንዶዋ እየተመላለሰች ሰዉን ከተራራው ማዶ ታሻግራለች። ልጅቷ አንገቷ ላይ ሆና መንገድ ትመራለች። መሃል ላይ የንጉሡ ልጅ ይመጣል፤ ፍቅር ይገባል፤ ጦርነት ይገባል። በመጨረሻም ሁሉም ሰው ከተሻገረ በኋላ ዘንዶዋ ልጅቷን እናቷ አዲስ የሠራችው ቤት ደጃፍ አውርዳ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ትሄዳለች። አለቀ። ጋሽ ሽቅብ መጽሐፉን ዘግቶ ጣራውን ሲያይ ቆየ።

ሰው እጅ ላይ መጽሐፍ ካለ ሌላው ሰው ዝም ማለት አይችልም። መጀመሪያ የጠየቀችው የሦስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ ነች፤ መቀሷን እንደ ሐብል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትዞር፣ ምላሷ ከመቀሷ የሚስል ሴት።

«አንተ፣ ምን እያነበብክ ነው?»

«ስለ ዘንዶ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ዕድሜህ? በል ስትጨርስ አውሰኝ።»

ተዋሰች። ስትመልስ ግን አስተያየቷን ከነስፌቱ ይዛ መጣች። «እኔ የምለው፣ በበረዶ ላይ በሐር ቀሚስ ነው የሚበረረው? እጅጌውስ? ነፋሱ እጅጌዋ ገብቶ እንደ ድንኳን አይነፋትም? ጸሐፊው መርፌ ይዞ አያውቅም። ያ የንጉሡ ልጅ ደግሞ…» ሦስተኛ ደረሱ። የንጉሡን ልጅ ጉድ ለመጨረስ አምስት ጊዜ ወጥታ ወርዳለች። ዛሬ «ዓይኑ እንጂ ሥራው አያምርም» ትላለች፤ በማግስቱ «ደግሞ ያቺ ልጅ ምን አይታበት ነው…» ብላ ካቆመችበት ትቀጥላለች።

ቀጥሎ የመጣው የአምስተኛ ፎቁ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ወረቀት በሁለት እጁ አቅፎ በክርኑ ሰላምታ የሚሰጥ ሰው። መጽሐፉን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄን እኔም አንብቤዋለሁ። ልጆቼ ሲሻሙበት ጊዜ፣ ይበላሹብኝ እንደሆነ ላጣራ ብዬ ገባሁበት። ላጣራ የገባሁት ሰውዬ ምሳ ሳልበላ ዋልኩ። ግን ምን ይጎድለዋል መሰለህ…» አምስተኛ።

ዘበኛውም አልቀረም። እሱ ያነበበው ሽፋኑን ብቻ ነው፤ አስተያየቱ ግን ከሁሉም ይበዛል። «ዘንዶ ሰው ተሸክማ ልትሄድ? ዘንዶ ሰው ትውጣለች። ይሄን ደግሞ ያላነበበም ያውቀዋል።»

ጋሽ ሽቅብ በእነዚያ ቀናት ወደ ሥራ የሚሄደው እየፈጠነ ነበር። ሰው ሲገባ ቀድሞ የሚያየው በላይ በኩል ያለውን የፎቅ ቁጥር ነበር፤ አሁን ግን የእሱን ፊት ያያል። እሱም ሐሳብ ነበረው። ስለ ዘንዶዋ የሚለው ነገር ነበረው፤ በትክክል ምን እንደሆነ ገና አልያዘውም እንጂ ጉሮሮው ላይ ቆሟል። ችግሩ ሁሉም የየራሱን ለመጨረስ ይጣደፋል፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ፎቁ ይደርሳል። «እኔ ደግሞ…» ይላል፤ በሩ ይከፈታል። እሺ ነገ። ነገም «እኔ ደግሞ…»። ዳሩ ቅር አላለውም። «እኔ ደግሞ» ማለትም ከ«ስንተኛ?» ይሻላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሒሳብ ሠራተኛው ወረቀቱን አቅፎ ገባና ካቆመበት ቀጠለ። «እኔን ያናደደኝ መጨረሻው ነው። ይሄን ያህል ዘመን አብረው ኖረው፣ በክፉም በደጉም አብረው ሆነው፣ ዘንዶዋ ሳትሰናበታት ጥላት መሄዷ! ልጆቼ አለቀሱ። ልብ የላትም።»

«የለም፣ የለም» አለ ጋሽ ሽቅብ፤ ከወንበሩ ዞረ። ያ ጉሮሮው ላይ የቆመው ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው። «እኔ ደግሞ…»

እጁ እጀታው ላይ ነበር፤ ልቡ ግን ዘንዶዋ ጋ። አሳንሰሩ ከአምስተኛው ወለል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆመ። ሒሳብ ሠራተኛው እንደ ሁልጊዜው እግሩን ሳያይ ተራመደ፤ ጠርዙ እግሩን ያዘው፤ ከነወረቀቱ ተዘረጋ። የዓመቱ ሒሳብ ኮሪደሩን ሞላው።

ጋሽ ሽቅብ ዘሎ ወጣ። ሲያነሳው ሰውዬው ጉልበቱን እያሸ ይስቃል። «ምንም አይደል ጋሽ ሽቅብ፤ ዘንዶዋ እንኳ እንዲህ አታወርድም» አለው። ለቀልድ ነው ያለው። ጋሽ ሽቅብን ግን አንጀቱ ድረስ ዘለቀው።

ወሬ ክንፍ አለው፤ የሕንፃው ኃላፊ ጆሮ ደረሰ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። መጥቶ አሳንሰሩ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ቅር እንዳይልህ፤ ዛሬ ጉልበት ነው፣ ነገ አንገት ይሆናል» አለውና አንድ ማስታወቂያ ለጠፈ። «አሳንሰሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከሠራተኛው ጋር መነጋገር ክልክል ነው» ይላል፤ ፊደሉ ትልልቅ፣ ቀለሙ ቀይ።

ዘበኛው «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አንተ በሁለቱም ተያዝክ» ብሎ ራሰ በራነቱን ጨምሮ ቀለደበት። ከዚያ በኋላ ግን ቀልዱም ቆመ። ሰዉ ማስታወቂያውን አከበረ፤ ከሚገባው በላይ አከበረ። «ስንተኛ?» ሳይል ጣታቸውን ያሳዩታል። ሦስት ጣት። አምስት ጣት። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ከንፈሯን ነክሳ ዝም ትላለች፤ ለእሱ አስባ ነው፣ እንጀራው እንዳይጓደልበት። ድሮ ሰው የማያናግረው አጋጣሚ ሆኖ ነበር። አሁን ሕግ ሆነ። ወለሉን እንደ ጥንቱ ያጋጥማል፤ በጸጥታ ይወጣል፣ በጸጥታ ይወርዳል፤ የሚሰማው የሽቦው ሲጥሲጥታ ብቻ ነው።

መጽሐፉን ግን ቤቱ ወሰደው። ቤቱ አንዲት ክፍል ነች፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ወንበር ላይ ልብሱን ነው የሚሰቅለው። የሒሳብ ሠራተኛው ቃል ከጆሮው አልወጣ ስላለ፣ ዘንዶዋ በእርግጥ እንዴት እንደምታወርድ ሊያይ እንደገና ከፈተው። በዚህኛው ዙር ጦርነቱን ዘለለ፣ ፍቅሩንም ዘለለ፤ ዘንዶዋ መሬት የምትነካባቸውን ቦታዎች ብቻ እያደነ አነበበ። አይ ዘንዶ! እውነትም የምትበር እንጂ የምታወርድ አይደለችም። አንዴ ልጅቷን ጠጠር ላይ ጣለቻት፣ ጉልበቷ ተላጠ። አንዴ ግንብ ላይ ስታርፍ ጣሪያውን አፈረሰችው። አንዴ ልጅቷ በመንገጫገጩ ምላሷን ነክሳ የንጉሡን ልጅ ለሁለት ቀን ማናገር አቃታት። ጋሽ ሽቅብ ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ የመጨረሻዋ ገጽ ላይ ደረሰ። ሳቁ ቆመ። ገጿን ደግሞ አነበባት።

ያ ጉሮሮው ላይ የቆመው ነገር ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ተነሥቶ ቆመ። የሚነግረው ሰው ፈልጎ ክፍሏን ዙሪያውን አየ። ለልጁ ሊደውል ስልኩን አነሣ፤ «አባዬ ስለ ምን ዘንዶ ነው የምታወራው? ደህና ነህ ግን?» የሚለው ድምፅ ገና ሳይደውል ተሰማውና መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ ምድጃው ላይ ለተጣደው ማንቆርቆሪያ «እኔ ደግሞ የሚመስለኝ…» ብሎ ጀመረ። ማንቆርቆሪያውም ፈልቶ አቋረጠው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ጋሽ ሽቅብ ያን ሰሞን የራሱን ድምፅ እንኳ ረስቶት ነበር።

በሌላ የጥርስ ሕክምና ቀን፣ አንዲት እናት ጉንጯን በእጇ ደግፋ፣ ከልጇ ጋር ገባች። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጥርሷ ላይ ሽቦ ታስሯል። እናትየው ማስታወቂያውን አየችና ጉንጯን ለቅቃ ስድስት ጣት አወጣች። ጋሽ ሽቅብ መጽሐፉን ባለቤቱ ቢመጣ ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ከወንበሩ ሥር ያስቀምጠዋል፤ ጋዜጣው አንድ ጎኑ ተቀዶ የዘንዶዋ ክንፍ ይታያል። ልጅቷ ክንፉን አየች።

«እንዴ፣ ይሄ የኔ ነው» አለች።

እናትየው ጎንበስ ብላ አየች። «ጠፋብኝ ያልሽው?»

«ጠፋብኝ አላልኩም። ጥዬው ነው።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናትየው። ከዚያ ወደ ጋሽ ሽቅብ ዞራ፣ ማስታወቂያውንም ረስታ፣ «ከዘንዶዋ ጋር ተጣልታ እኮ ነው። ሳምንት ሙሉ እኛን አኮረፈችን፤ እኛ ምን አደረግን?» አለች። ጋሽ ሽቅብ አፉን ከፈተ። ስድስተኛ ደረሱ። በሩ ተከፈተ፤ እናትየው ልጇን በክንዷ ይዛ ወጣች። አፉን ዘጋ።

ከምሳ ሰዓት በኋላ ከስድስተኛ ደወል ተደወለ። ቢወጣ ልጅቷ ብቻዋን ቆማለች። ሽቦዋ ጠብቆላት ጉንጯን ታሻለች። ገባች። እሱ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ስንተኛ እንደሆነ ጠየቃት።

«አሁን የእናቴ ተራ ነው። ጥርሷን እስክትነቀል የትም ውሰደኝ» አለችው።

የትም የሚባል ፎቅ የለውም፤ ግራ ተጋባ። ደግነቱ ከታች ተደወለና ወረደ። ከምሳ የተመለሱት ልብስ ሰፊዋና ሒሳብ ሠራተኛው ገቡ፤ ሦስት ጣት፣ አምስት ጣት። ልጅቷ ከወንበሩ ሥር መጽሐፉን አውጥታ ጋዜጣውን ገፈፈችው።

«ጋሼ፣ አነበብከው?»

ጋሽ ሽቅብ በአገጩ ወደ ማስታወቂያው ጠቆማት። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «‹አሳንሰሩ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ…› ሲቆምስ?»

ማንም አልመለሰላትም፤ እየተንቀሳቀሱ ነዋ። ሦስተኛ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊዋ አንድ እግሯን ልታወጣ አለችና መለሰችው።

«አሁን ቆሟል አይደል?» አለች። «እንግዲያው ልናገር፤ አልወርድም። ይሄ ሰውዬ ‹እኔ ደግሞ› ማለት ከጀመረ ከረመ። ምን ሊል እንደሆነ ሳልሰማ ክር መርፌ አይገባልኝም።»

አምስተኛ ላይም ቆመ። ሒሳብ ሠራተኛው ሰዓቱን አየ፣ ኮሪደሩን አየ። «የሒሳብ መዝገብ አይሸሽም» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ስድስተኛን አለፉ። ሰባተኛ ፎቅ ሰው የለበትም፤ የተሰበሩ ወንበሮችና ርግቦች ናቸው ያሉት። ጋሽ ሽቅብ እጀታውን መሃል ላይ መለሰ፣ የብረቱን በር ወለል አድርጎ ከፈተ።

«ቆመናል» አለ።

ዝም አሉት። ይህን ያህል ዝምታ ለእሱ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚያደርግበት ጨነቀው። ወለሉን እያየ ጀመረ።

«እኔ ደግሞ የሚመስለኝ… ስንብት የለም ትላላችሁ። አለ። ሁላችሁም የፈለጋችሁት ከአፏ ስለሆነ አልፋችሁት ሄዳችሁ ነው። ዘንዶዋ ማውረድ አትችልበትም። ልብ ብላችኋል? ልጅቷን ስንቴ ጣለቻት፤ ጉልበቷን ላጠቻት፣ ምላሷን አስነከሰቻት። ጣሪያም አፍርሳለች። ማውረድ ከባድ ነው። እኔም…» ሒሳብ ሠራተኛውን ቀና ብሎ አየው፤ «እኔም አንተን ጥዬሃለሁ።»

«ይቅርታ ተደርጎልሃል፤ ቀጥል» አለ ሒሳብ ሠራተኛው።

ከታች ደወል ተደወለ። ጋሽ ሽቅብ በሥራ ዘመኑ ደወል ሰምቶ ተቀምጦ አያውቅም፤ እጁ ወደ እጀታው ተሳበ። ልብስ ሰፊዋ እጁን ያዘችው።

«ይደወል» አለች።

«የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን፣» አለ፤ «አንብቢው እስቲ የኔ ልጅ፣ እናቷ ደጅ ስትደርስ ያለውን።»

ልጅቷ ገለጠች። «‹ልጅቷ መሬት ላይ መሆኗን ያወቀችው የእናቷን በር ስታይ ነው።›»

«አየሽ? ስትወርድ አላወቀችም። አንዲት መንገጫገጭ የለም። ሌላ ጊዜ ሁሉ የምትጥላት ለሌላ መንገደኛ ስለምትቸኩል ነው፤ ማዶ የሚጠብቃት ሰው ነበራ። በዚያን ቀን የሚጠብቃት ማንም የለም። ከዚህች ልጅ ሌላ የቀረ የለም። አንድን ሰው ካወረድሽው ወዲያ ብቻሽን እንደምትቀሪ ስታውቂ… ቀስ ነው የምትይው። እንዳይነቃ። እንዳይሰማው። ሰው ያንን ያህል ቀስ ብሎ የሚያወርደው መለየት ያቃተውን ነው። ስንብቷ ያ ነው። እኔ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

አራት ነጥብ።

ርግቦቹ ብቻ ናቸው የተንቀሳቀሱት። ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ፤ ዘበኛው ነው፣ ሰባቱን ፎቅ በእግሩ ወጥቶ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ደወል አትሰሙም እንዴ? ታች ሰው ተኮልኩሏል። ምን ሆናችሁ?»

«ዝም በል፣ ዘንዶዋ እያረፈች ነው» አለችው ልብስ ሰፊዋ።

ዘበኛው ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

ልጅቷ ገጹን ለራሷ ደጋግማ አነበበች። ከንፈሯን በሽቦው ላይ እያንቀሳቀሰች ቆየችና «ቢሆንም አፍ ነበራት» አለች።

«ነበራት» አለ ጋሽ ሽቅብ።

«‹ደህና ሁኚ› ማለት ምን ይከብዳል?»

«አፍ ያለው ሁሉ ይናገራል እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ይኸው ይሄ ሰውዬ፣ አፍ ይዞ ስንት ዘመን አብሮን ወጣ ወረደ።»

ሒሳብ ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አልተቀበልኩትም። ደረሰኝ የሌለው ስንብት አልመዘግብም። ግን ማታ ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ።»

«እኔም አኩርፌያለሁ» አለች ልጅቷ። መጽሐፉን ዘግታ «እንደ በፊቱ ግን አይደለም» አለች።

በሩ ተዘጋ፤ ወረዱ። ሁሉም ማስታወቂያውን አክብሮ ዝም አለ። ስድስተኛ ላይ እናትየው ጥጥ ነክሳ ቆማለች፤ መናገር አትችልም፣ በዓይኗ ብቻ «የት ነበርሽ?» አለች፤ ገባችና አብራቸው ወረደች። አምስተኛ ላይ ሒሳብ ሠራተኛው ከወደቀ ወዲህ እንዳመሉ በጫማው ጫፍ ጠርዙን ፈለገው፤ ጠርዝ አላገኘም። ሦስተኛ ላይ በሩ ሲከፈት ልብስ ሰፊዋ አሁንም ቆማለች።

«ሦስተኛ ነው፣ እትዬ» አለ ጋሽ ሽቅብ።

«መቼ ደረስን?» አለች።

ምድር ቤት ሲደርሱ ልጅቷ መጽሐፉን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችለት። «ሁለተኛ ክፍል አለው። አላነበብኩትም ነበር፤ ስለተናደድኩ።»

«ዘንዶዋ ተመልሳ ትመጣለች?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሽቦዬ እንደገና ሲጠብቅ ይዤልህ እመጣለሁ። ግን መጀመሪያ እኔ ነኝ የማነበው።» እናቷ ጎተተቻት። ወጡ።

ተኮልኩለው የቆዩት ሰዎች እያጉረመረሙ ገቡ። ሁለት ጣት። አራት ጣት። ጋሽ ሽቅብ እጀታውን ገፋ። ማስታወቂያው እዚያው ነው፤ ቀዩ ቀለም አልደበዘዘም። ማታ ቤቱ ሲገባ ክፍሏ ያቺው ነች፤ የሚያናግረው የለም። ከሁለተኛው ወንበር ላይ ግን ልብሱን አንሥቶ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ማን እንደሚቀመጥበት አያውቅም። ማንቆርቆሪያውን ጣደ፤ ዛሬ የሚነግረው ነገር አልነበረውም፤ ዝም ብሎ ሲፈላ ሰማው።

በቃ፣ የኔ ምሥራች ይኸው ነው። ከዚህ በላይ ልቆይ አልችልም። ሻይ የምታመላልሰው ልጅ ያን ቀን እረፍት ላይ ነበረችና ከሕንፃው ሰው ያልሰማች እሷ ብቻ ነች፤ አሁን በደረጃው በኩል የብርጭቆ ድምፅ እየሰማሁ ነው። ትሪዋን ሳታስቀምጥ ልድረስባት።